ገጽ ሠላሳ አንድ

ቅዳሜ ሲመጣ፣ ከሰዓት በኋላ፣
ለገሃር ድልድይ ሥር፣ ከባቡሩ ጥላ፣
መንክር ሸራ ዘርግቶ ሲሸጥ ሲደረድር
ያረጀ መጽሔቱን፣ አንዱን በሃያ ብር፣
እንሰበሰባለን አራት ሙግት ወዳድ፣
አንዱን ኃያል ልንሾም፣ ሌላውን ልናዋርድ።

ዘርዓይ ደብተር አለው፣ ባለ ሃምሳ ሉክ፣
የኃያላኑን ክንድ የሰፈረበት ልክ፦
አንደኛ ደረጃ፣ መኪና ያነሣ፤
ሁለተኛ ደረጃ፣ ሙሉውን አንበሳ
(አውቶቡሱን ማለቱ ነው፣ ከነተሳፋሪው)፤
አምስተኛው፣ እንጦጦን ነቅሎ ወርዋሪው፤
ዘጠነኛው ላይ ግን አልጸና መስመሩ፤
ሁለት ስም ሲጻፍ፣ በላጲስ ሲፋቅ፣
ሲጻፍ፣ ሲፋቅ፣ ሲጻፍ፣
ወረቀቱ ሳስቶ ተበሳ ከሥሩ።

«ነሐስ ክንድ ነው!» ይላል በድሩ፣ ጭኑን እየመታ፣
«ጨረቃን ጎትቶ ባሕሩን ያስነሣ፣ ማዕበል የረታ!»
«ሰባት ጥላን በምን?» ትላለች ትርሲት፣ «ጡጫው ምን ያገኛል?
ግድግዳ ቢመታ የሚያመው እጁን ነው፤ ጥላ የት ይቆስላል?»
«እኩለ ቀን ላይስ? ፀሐይ አናት ስትቆም፣
ጥላ እግር ሥር ሲገባ?»
«እስኪመሽ ይጠብቃል። ጥላ አይቸኩልም።»

ጫማ የሚያስጠርግ አንድ አዛውንት ጋዜጣውን አጥፎ
«ለመሆኑ ልጆች፣ ምን በልተው ነው?» ይላል።
ዘርዓይ ደብተር ያገላብጣል፤
የቀለብ ዓምድ አላሰመረም፤ ዝም ይላል።
አንድ ወያላ ደግሞ ከበር ተንጠልጥሎ
«ሜክሲኮ! አንድ ሰው! … ጥላው ነው ባክህ!»
ብሎን ያልፋል፣ ፍርድ ጥሎ።

ጠባችን የመጣው በልባሽ ጨርቅ ቦንዳ፣ ከሸሚዞች መሃል፤
መጽሔቱ ሲፈታ፣ ገጽ ሠላሳ ላይ፣ ሁለቱ ቆመዋል፣
ነሐስ ክንዱን ሰንዝሮ፣ ጥላ ሰባት ሆኖ።
ከዚያ ወዲያ የለም። ሠላሳ አንድ ተገንጥሎ
የሽቦው ንክሻ ብቻ ቀርቷል፣ ዝጎ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እንደተሰነዘረ፣
ያ ክንድ አልወረደም፤ አየር ላይ ቀረ።
በድሩ መንታ ወለደ፣ ትርሲት ባንክ ገባች፣
የዘርዓይ ፀጉር ከግንባሩ ሸሸ፤
ክንዱ ግን እዚያው ነው።

አንድ ቀን ደንብ አስከባሪ በጣቢያው በኩል ብቅ ሲል
የሸራውን አራት ጫፍ ለአራት ያዝንና
ሮጥን ወደ አምባሳደር፣ መንክር ከፊት ሆነና፤
ፕላኔት ገፊዎች፣ ጨረቃ ጎታቾች፣
ከተማ ሙሉ ሕዝብ ከእሳት አውጪዎች
በትከሻችን ላይ፣ እንደ ድንች ከረጢት፣
አንዱ በአንዱ ተጭነው።
ቆመን ስናለከልክ በድሩ ጠየቀ፦
«ዘርዓይ፣ እኛስ ስንተኛ ነን?»
እስክሪብቶውን ቢፈልግ አጣው። ሩጫው ላይ ወድቋል።

እኔ? የእኔን ነገር ለማንም አልነገርኩ።
ያን ጊዜ፣ ቦንዳው በተፈታ በሳምንቱ፣
ከመንክር ጎን ከምትሸጠው ልጅ ለውዝ በአንድ ብር ገዛሁ፤
ዝናብ ነበር፤ ከፖስታ ቤት በረንዳ ተጠግቼ በላሁ፤
መጠቅለያውን ልጥል ስል እጄ ላይ ተፈታ፦
ጠርዙ ላይ የሽቦ ቀዳዳ፣ ከታች ቁጥር፣ ሠላሳ አንድ።
ዘይት ጠጥቶ ሳስቷል፣ ጨው አንጥቶታል፤
ግን ማን እንደቆመ፣ ማን እንደወደቀ
ጥርት ብሎ ይታያል።

አጥፌ ከመታወቂያዬ ጋር በኪሴ አኖርኩት።
በየቅዳሜው እመጣለሁ፤ በተሸነፈው በኩል ቆሜ
ጉሮሮዬ እስኪነቃ እሟገትለታለሁ።
አንዳንዴ እረታለሁ።
ያኔ ዘርዓይ ላጲሱን ያነሣል፣
በተበሳው ወረቀት ጠርዝ ላይ፣ በጥንቃቄ፣
ስም ይለውጣል።

ትናንት ትርሲት ትክ ብላ አየችኝ፦
«አንተ ግን የእውነትህን ነው?»
ኪሴን ዳበስኩ።
«እስቲ» አልኳት፣ «ከመጀመሪያው እንነሣ፤
ክንዱ ብቻውን ስንት ኪሎ ነው?»